የተራራ የበረዶ ሞተር እንዴት ይጠገናል? ከቺንጊያው እንጀምር

ስኖውሞቢል የሚባለውን የበረዶ ሞተር በሩቁ ላየው ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ ከፊት ሁለት መንሸራተቻ፣ ከሥር አንድ ሰፊ የጎማ ሰንሰለት። ለተራራ የሚሠራው ግን ለየት ይላል። ሰንሰለቱ ዙሪያውን ቢለካ 4 ሜትር ገደማ ነው። ጥርሶቹ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይረዝማሉ። ጥልቅ በረዶ እየቀዘፈ ሽቅብ የሚወጣው በነሱ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ ማሽኑ ቀስ እያለ ይጓዛል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያልፈው ደግሞ በአንዲት ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) በኩል ነው። መጀመሪያ የምትበጠሰውም እሷ ናት።

1. ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ። ቺንጊያና ፑሊ (ቺንጊያው የሚዞርባቸው ሁለት ተሽከርካሪዎች) ጣት አይምሩም። ደግሞ ዝግ ጋራዥ ውስጥ አታስነሱት፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው ጋዝ ሳይታወቃችሁ ይገድላል።

2. ቺንጊያውን ቀይሩ። የጎን ክዳኑን ክፈቱ፣ መከላከያውን አንሱ። ከማሽኑ ጋር በመጣው መፍቻ የኋለኛውን ፑሊ ሁለት ጎኖች አለያዩ። ቺንጊያው ሲላላ መጀመሪያ ከኋለኛው፣ ከዚያ ከሞተሩ በኩል ካለው ፑሊ አውጡት። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እኔን የሸወደኝ ይኸው አሥር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ጊዜ የተበጠሰብኝ ተራራ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። ቶሎ ብዬ መለዋወጫውን ገጠምኩና ጎበዝ ነኝ እያልኩ ተነሳሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሄድ እሱም ተበጣጠሰ። ሦስተኛ አልያዝኩም። ወገቤ ድረስ እየሰመጥኩ ሦስት ሰዓት በእግሬ ወረድኩ።

በማግስቱ ፑሊውን ስፈታ ጉዱ ታየ። የተበጠሰው ቺንጊያ ክር ከኋለኛው ፑሊ ጀርባ ዘንጉ ላይ ተጠምጥሟል። እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ጥቁር ክር ነው። ጥብቅ ከማለቱ የተነሳ የዘንጉ አካል ነው የሚመስለው። በምላጭ እየቆረጥኩ አወጣሁት። ፑሊው እንደልቡ እንዳይከፈትና እንዳይዘጋ ያገደው፣ አዲሱን ቺንጊያ ያቃጠለውም እሱ ነበር።

ስለዚህ ቺንጊያ ሲበጠስ ቁርጥራጩን ሰብስቡና መሬት ላይ አስተካክላችሁ ደርድሩ። ጎደለ? የጎደለው ማሽኑ ውስጥ ነው። ከሁለቱም ፑሊዎች ጀርባ በባትሪ እያበራችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳብሱ። ከዚያ የፑሊዎቹን ገጽ በሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ፈተግ ፈተግ አድርጋችሁ በአልኮል ጥረጉ። በቤንዚን አይሁን፤ ቅባት ይተዋል። ጥቁር የጎማ ቅሪት ከቀረ ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይበጠሳል።

አዲሱን ስትገጥሙ ጽሑፉ ወደናንተ ዞሮ የሚነበብ ይሁን፤ ቀስት ካለበት ቀስቱን ተከተሉ። ከዚያ ከፍታውን እዩ። ኋለኛው ፑሊ ላይ ቺንጊያው ከጠርዙ እኩል ወይም ትንሽ ብቅ ማለት አለበት። ነዳጅ ሳትሰጡት ማሽኑ በራሱ ከተንፏቀቀ ቺንጊያው ጠብቋል። ሲነሳ ካመነታ ወይም ከነጠረ ላልቷል። የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ንዱ። በርካሽ የሚሸጠውን «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል ቺንጊያ ግን ተዉት። ለማሽናችሁ የተጻፈውን ቁጥር ግዙ፤ አንድ ትርፍም ያዙ።

ከፍታ ላይ ማሽኑ ደከመ ብላችሁም አትደንግጡ። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር 3000 ሜትር ላይ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። ለዚያ የሚስተካከሉት የፑሊው ክብደቶች ናቸው፤ እሱን ለባለሙያ ስጡ።

3. ሰንሰለቱን አስተካክሉ። ኋላውን በክሪክ አንሱ። የኋለኛውን አክስል ቡሎን አላሉ። ሞተሩን አስነስታችሁ ሰንሰለቱን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ከኋላው ሰው አይቁም። ሰንሰለቱ የሚሸሸው ወደላላው በኩል ነው። ስለዚህ ሞተሩን አጥፉና የሸሸበትን ጎን ማስተካከያ ቡሎን ሩብ ዙር አጥብቁ፣ እንደገና አዙራችሁ እዩ። ሩብ ዙር ብያለሁ! ሲጨርሱ አክስሉን ማጥበቅ የረሱ ሰዎች አውቃለሁ።

4. ከሥር ያሉትን ፕላስቲኮች እዩ። ሰንሰለቱ የሚንሸራተተው በነሱ ላይ ነው። የሚያቀዘቅዛቸውም፣ ሞተሩንም ጭምር፣ ሰንሰለቱ የሚረጨው በረዶ ነው። በጠነከረ መንገድ ላይ የሚረጭ በረዶ ስለሌለ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ይግላል። በረዶ የሚጭሩትን ሽቦዎች አውርዱ። ካለኝ ዕቃ ሁሉ ለዋጋው የሚሻል አላየሁም።

5. ካንዴላ፣ ዘይት፣ ግራሶ። ካንዴላው ቡና መልክ ከያዘ ጤና ነው። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፤ ሳታጣሩ አትንዱ። የካቴናውን (ከፑሊው ወደ ሰንሰለቱ ጉልበት የሚያሻግረውን የብረት ሰንሰለት) ዘይት ስትቀይሩ ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ ቢኖር ችግር የለውም፣ የብረት ስባሪ ካለ ግን ክፈቱት። ግራሶ የምትሰጡበት ቦታ ይታወቃል።

6. ወቅቱ ሲያልፍ ቤንዚኑ ውስጥ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቆያ ጨምሩ፣ ቺንጊያውን አውልቁ፣ ኋላውን ከመሬት አንስታችሁ አቁሙ። የጭስ ማውጫውን አፍ በጨርቅ ወትፉት፤ አይጥ ትወደዋለች። ከወተፋችሁ በኋላ መሪው ላይ «ጨርቅ አለ» የሚል ወረቀት ለጥፉ። እኔ ረስቼው ግማሽ ቀን ካንዴላ ስፈታ ውያለሁ።