ኤክስቴንሽን ከመጫናችሁ በፊት ምን ምን ማየት አለባችሁ?

ኤክስቴንሽን፣ ማለትም እንደ ክሮም ባለ ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ስናገኝ መጀመሪያ የምንጠይቀው "ምን ይሠራልኛል?" ብለን ነው። መቅደም ያለበት ግን "ምን ምን ያይብኛል?" የሚለው ነው። ኤክስቴንሽን የሚቀመጠው ብራውዘሩ ውስጥ ስለሆነ፣ ፈቃዱን ካገኘ እናንተ የከፈታችሁትን ገጽ እሱም ያያል፣ የምትጽፉትንም ያነባል።

ስለዚህ ክሮም ላይ "አክል" የሚለውን ስትጫኑ ብቅ የምትለውን ትንሽ ሳጥን ሳታነቡ አትለፏት። በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃችሁን ማንበብና መቀየር እንደሚችል ከነገራችሁ፣ "ሁሉም" ማለት ሁሉም ነው። ኢሜይላችሁ፣ የባንክ ገጻችሁ፣ የምትሞሉት ፎርም በሙሉ። ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን ይህን ቢጠይቅ ይገባኛል፣ ሥራው እያንዳንዱ ገጽ ላይ ነውና። ካልኩሌተር ግን ኢሜይሌ ምን ያደርግለታል? እንዲህ ያለውን እዚያው ተዉት።

ቀጥሎ ባለቤቱን እዩ። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ኤክስቴንሽን ራሱን በራሱ ያድሳል፣ ዛሬ አምናችሁ የጫናችሁት ነገ ሌላ ሰው እጅ ሊገባ ይችላል። ግሬት ሰስፔንደር የሚባለውን አስታውሱ። ተከፍተው ሥራ የፈቱ የብራውዘር ገጾችን (ታቦችን) አስተኝቶ ሜሞሪ ይቆጥብ ነበር፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነበር፣ ሰዉም ወዶታል። በ2020 ባለቤቱ ማንነቱ ለማይታወቅ ወገን ሸጠው፤ በ2021 መጀመሪያ ላይ ጎግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከክሮም የኤክስቴንሽን መደብር አወጣው። ተጠቃሚዎቹ የሠሩት ጥፋት የለም። ባለቤቱ ሳይሸጥም ችግር ይመጣል፦ በ2024 ዲሴምበር ሳይበርሄቨን የተባለ የደህንነት ድርጅት ሠራተኛ በአሳሳች ኢሜይል ተታሎ፣ ሰርጎ ገቦች በድርጅቱ ኤክስቴንሽን ስም የተበከለ አፕዴት ለቀቁ።

ለዚህ ነው የምትጭኗቸውን ኤክስቴንሽኖች ቁጥር ማሳነስ ትልቁ መከላከያ የሚሆነው።

ስሙንም አጣሩ። ማስታወቂያ የሚያግዱት ዩብሎክ ኦሪጅን እና ዩብሎክ አንድ አይደሉም፤ ስማቸው ቢመሳሰልም የተለያዩ ሰዎች እጅ ናቸው። መደብሩ ላይ ስሙን ጽፎ ከመፈለግ፣ ከሠሪው የራሱ ገጽ ተነስቶ ሊንኩን መከተል ይሻላል። አስተያየቶችን ስታነቡ ደግሞ የቅርብ ጊዜዎቹን አስቀድሙ። አምስት ኮከብ የሞላበት ኤክስቴንሽን ሰሞኑን "ማስታወቂያ ያመጣብኝ ጀመር" የሚል ሰው ከበዛበት ያ ይበቃችኋል።

የትኞቹ ይጠቅማሉ? ለእኔ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ማስታወቂያ ማገጃ እና እንደ ቢትዋርደን ያለ ፓስወርድ መያዣ። ማገጃውን በተመለከተ ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ክሮም ላይ ደግሞ ላይት የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት አለ። ፓስወርድ መያዣውን የምወደው በሌላ ምክንያትም ነው፤ አድራሻው ሐሰተኛ የሆነ ገጽ ላይ ፓስወርዱን አልሞላም ሲል ዓይኔ ያላየውን ያይልኛል።

ነፃ ቪፒኤን (ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፍ)፣ የቅናሽ ኩፖን ፈላጊ፣ ቪዲዮ አውራጅ ላይ ግን ጥንቃቄ ይብዛ። ሆላ የተባለው ነፃ ቪፒኤን የተጠቃሚዎቹን ኢንተርኔት ለሌሎች እየሸጠ እንደነበር በ2015 ታውቋል።

ከጫናችሁ በኋላም ሥራ አለ። ክሮም ላይ የኤክስቴንሽኑን ምልክት በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ፣ ገጾችን ማንበብ የሚችለው እናንተ ስትጫኑት ብቻ እንዲሆን ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ኤክስቴንሽን ድንገት ተጨማሪ ፈቃድ ከጠየቀ ክሮም ያስቆመውና እናንተን ይጠይቃል፤ ያኔ ቸኩላችሁ እሺ አትበሉ።

እኔ ስክሪንሾት የሚያነሳ አንዱን ለረጅም ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። አንድ ቀን ጎግል ላይ የፈለግኩት ነገር ሁሉ ወደማላውቀው መፈለጊያ ይሄድ ጀመር። ሁሉንም አጠፋሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አበራሁ፤ አራተኛው ላይ ችግሩ ተመለሰ፣ እሱ ራሱ ነበር። እንዲህ ሲገጥማችሁ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ጨርሳችሁ አስወግዱት። ፓስወርዳችሁን ቀይሩ፤ ከዚያ አካውንታችሁ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ "ከሁሉም መሣሪያዎች ውጣ" የሚለውን ተጫኑ፣ የተሰረቀ የመግቢያ ኩኪ (ብራውዘሩ መግባታችሁን የሚያስታውስበት ትንሽ መረጃ) ካለ ያለ ፓስወርድም ያስገባልና።