ከመቅኔ ናሙና በኋላ፦ ምን ሲያጋጥም ምን ይደረግ? (አዳማ ሆነው ለሚያገግሙ)

መቅኔ በአጥንት ውስጥ ያለ፣ ደም የሚሠራበት ለስላሳ ክፍል ነው። ናሙናው ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው ከዳሌ አጥንት ነው፤ ከወገብ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በኋላ በኩል በእጅ ሲዳሰስ ጎበጥ ከሚለው ቦታ። አከርካሪም ሆነ ህብለ ሰረሰር አይነካም። ይህን የማስቀድመው ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ «መቅኔውን ከጀርባው ቀዱት፤ ከእንግዲህ ወገብ የለውም» እያለ በሽተኛውን ከመርፌው በላይ ስለሚያሳምመው ነው። የሚቀዳው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር፣ የሚወጣው አጥንት ደግሞ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቀጭን ቁራጭ ናት። ሰውነት ይተካዋል። ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ መለኪያ ያንብቡት፦ ሕመሙም እብጠቱም ከትናንት ዛሬ ከቀነሰ እየዳኑ ነው፤ ከትናንት ዛሬ ከባሰ ሐኪም ይየው።

«ቤት ስደርስ ሕመሙ ጀመረኝ»

ከሆስፒታል ሲወጡ ደህና ነበሩ፤ አዳማ መግቢያ ላይ ግን መቀመጥ አቃተዎት። ምክንያቱ ማደንዘዣው ነው፤ ቆዳውንና የአጥንቱን ሽፋን የሚያደነዝዘው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ናሙና ሰጥቶ በዚያው ቀን በፍጥነት መንገዱ የሚመለስ ሰው ማደንዘዣው መኪና ውስጥ እያለ ሊለቀው ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለው ስሜት በመቀመጫ ወድቆ እንደተነሳ ሰው ነው፤ ከወንበር ሲነሱ፣ ደረጃ ሲወጡ፣ በዚያ ጎን ሲተኙ ይቆጠቁጣል። ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ ሳምንት ይቆያል።

የሚረዳው ፓራሲታሞል ነው። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 1 ወይም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ አይለፍ። ጉበቱን የሚያመው፣ መጠጥ የሚያዘወትር ወይም በጣም የከሳ ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ፓራሲታሞል ትኩሳትን ስለሚደብቅ፣ ከመዋጥዎ በፊት ሁልጊዜ ሙቀትዎን ይለኩ።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ አይወሰዱም። ፕላትሌት የተባለው የደም ሴል ደም የማቆም ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጋሉ፤ መቅኔው እንዲታይ የታዘዘለት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ ፕላትሌቱ የወረደ ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ ለወገብ የምትሆን አንዲት መርፌ ውጋኝ» ማለት የለመድነው ነገር ነው። እዚህ ላይ ግን አይሆንም፤ ፕላትሌቱ ዝቅ ባለ ሰው ላይ መድኃኒቱ ይቅርና የመርፌው ውጊያ ራሱ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊያቋጥር ይችላል። ለልብ ወይም ለስትሮክ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው በራሱ አያቁም፣ በራሱም አይጀምር፤ መቼ እንደሚቀጥል ናሙናውን የወሰደውን ሐኪም ይጠይቅ።

ወጌሻስ? «ጋሼ፣ አጥንትዎ ነው ያመመዎት፤ ወጌሻ ጠርተን ትሽት እናድርግልዎት» የሚል የወንድም ልጅ አይጠፋም። ልቡ ቅን ነው፤ ነገር ግን ቀዳዳውን የዘጋችው የረጋች ደም ናት፣ መታሸት ደግሞ እሷን ያነሳታል። ለወገብ ጥሩ ነው ተብሎ ሶደሬ ፍል ውኃ መግባትም ለዚህ ሳምንት ይቅር፤ ሙቀቱ ደም ይስባል፣ የብዙ ሰው ገላ የገባበት ውኃም ገና ባልደረቀ ቀዳዳ ላይ አይመከርም።

«ፋሻው ላይ ደም አየሁ»

የሳንቲም ስፋት ያላት ነጠብጣብ አታስደነግጥም። ለማወቅ የሚያስፈልገው እየሰፋች መሆን አለመሆኗ ነው። እስክሪብቶ ያንሱና የደሙን ዳር ዳር ፋሻው ላይ ያስምሩ፤ አጠገቡ ሰዓቱን ይጻፉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲታይ ደሙ መስመሩን ካላለፈ ቆሟል ማለት ነው።

ካለፈ ፋሻውን አይንቀሉት። በላዩ ንጹሕ ጎዝ ወይም የታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉና ጠንከር ባለ ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ በጀርባዎ ይተኙ፤ ክብደትዎ ራሱ ይጫነዋል። 15 ደቂቃ ሙሉ፣ «ቆመ ይሆን?» እያሉ በመሃል ሳይገልጡ። ከዚያም በኋላ የሚፈስ ከሆነ ተጭነው እንደያዙት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። የሚቻል ከሆነ በባጃጅ አይሁን፤ የውስጥ ለውስጡ ኮረኮንች የቆመን ደም መልሶ ያስጀምራል። መኪና ተለምኖም ቢሆን የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ማለት ይሻላል።

«ፋሻው በላብ ተላቀቀ»

በአዳማ ሙቀት ይህ የሁሉም ሰው ችግር ነው ማለት ይቻላል። ላብ ፕላስተሩን ያላቅቀዋል፣ የሱሪ ቀበቶ ወይም የቀሚስ መቀነት ደግሞ ልክ እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል። ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቦታው ደረቅ መሆን ስላለበት ሰፊ ቀሚስ ወይም ሽርጥ ያድርጉ፤ ቀትር ላይ አይውጡ። ከተላቀቀ የሚቀይርልዎት ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ጎዝና በአዲስ ፕላስተር ይተካው። ቅባት፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምንም አይቀባበት። ከ24 ሰዓት በኋላ ሻወር ይቻላል፤ መዘፍዘፍና ዋና ግን ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይቆይ። ጸበል የሚጠመቁ ከሆነም እስከዚያው ቢያቆዩት ጥሩ ነው።

«ጠቁሯል፣ አብጧል»

ከቆዳ ሥር ትንሽ ደም ፈሶ ነው። ጥቁር፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ እያለ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይጠፋል። በመጀመሪያው ቀን ከሱቅ በረዶ የሆነ ሃይላንድ ገዝተው በፎጣ ጠቅልለው 10 ደቂቃ ያህል እያሳረፉ ቢይዙበት ይቀንሳል።

እብጠቱ እየጠጠረና እየሰፋ ከሄደ፣ ሕመሙ ወደ ብሽሽት ወይም ወደ እግር ከወረደ፣ ራስ ካዞረ ወይም ቀዝቃዛ ላብ ካላበዎት ግን በውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል። ይህ በብዛት አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ለነገ አይባልም። እግር ላይ የሚሰማ መደንዘዝም እንደዚሁ፦ ማደንዘዣው ያመጣው ከሆነ በጥቂት ሰዓት ይለቃል፤ ካልለቀቀ ወይም እግርዎ ከከዳዎት ይታዩ። ናሙናው የተወሰደው ከደረት አጥንት ከሆነ ደግሞ የደረት ውጋትና ትንፋሽ ማጠር ወዲያውኑ ሆስፒታል ያስኬዳሉ።

«አተኮሰኝ»

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው፤ ምክንያቱም አዳማ ላይ ትኩሳት ሲባል ሁሉም ሰው መልሱን ቀድሞ ያውቃል፦ ወባ ነው፤ ካልሆነ ታይፎይድ። ክሊኒክ ሄዶ ደም መሰጠት፣ ውጤት መጠበቅ፣ «ምንም የለም» ሲባል አሞክሳሲሊን ገዝቶ ወደ ቤት መመለስ። ለሌላው ሰው አንድ ቀን ቢባክን ይባክናል። መቅኔው የታመመ ሰው ግን ኢንፌክሽን የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ አንሶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ሊገባ ይችላል።

ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ፣ ወይም ከተንቀጠቀጡ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ ዝም ብለው አይቁሙ። የመጀመሪያው ቃልዎ «የመቅኔ ናሙና ተወስዶልኛል፣ ነጭ የደም ሴሌ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል» ይሁን፤ የመጨረሻውን የደም ምርመራ ወረቀትዎንም ያሳዩ። የወባ ምርመራው ይሠራ፣ አዳማ ነውና ይገባል፤ ግን ሌላው ሕክምና እሱን እየጠበቀ አይቆይ።

ቀዳዳው መግል ስላልያዘ አይዘናጉ። መግል በአብዛኛው የሚሠራው ከነጭ የደም ሴል ነው፤ ሴሉ በሌለበት መግሉም ላይኖር ይችላል። መቅላቱ ከሰፋ፣ ቦታው ከጋለ ወይም ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ ትኩሳት ባይኖርም ይታይ።

«ውጤቱ ቀረ»

ፈሳሹ ስላይድ በሚባል ቀጭን መስታወት ላይ ተቀብቶ ቶሎ ይታያል። አጥንቱ ግን በስሱ ከመቆረጡ በፊት ካልሲየሙ ወጥቶ መለስለስ አለበት፤ ሴሎቹን ለይቶ የሚያሳይ ተጨማሪ ቀለም ካስፈለገም ቀኑ ይረዝማል፣ ስለዚህ ከሳምንት በላይ ቢቆይ አይገርምም። ድጋሚ ናሙና ቢጠየቁም በሽታው ከፋ ማለት አይደለም፤ ፈሳሹ አልቀዳ ብሎ ወይም ከደም ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ውጤቱ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው ክፍል እንደሚወሰድና ሌሊት ችግር ቢፈጠር የሚደወልበትን ስልክ ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።