ሜትሩን ቤት ጥላችሁ አትውጡ፦ በአርክቴክቸር ቲዎሪ ጥናት ላይ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

አርክቴክቸር የሚማር ልጅ ስቱዲዮ ውስጥ ማደር ይችልበታል። ሞዴል ሲቆርጥ፣ ማጣበቂያ ጣቱ ላይ ሲደርቅበት፣ ሥራውን በሚገመግሙ መምህራን (ጁሪ) ፊት ቆሞ ሲሟገት ዓመታት አልፈውታል። «ርዕስ ራስህ መርጠህ የቲዎሪ ጥናት ጻፍ» ሲባል ግን እጁ ይታሰራል። ግማሹ ፈላስፋ ይሆናል፣ ግማሹ ጥቅስ ለቃሚ። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የብዙ ታናናሾቼን ድራፍት አንብቤያለሁ። የምንሳሳተው ሁላችንም ያው ተመሳሳይ ቦታዎች ላይ ነው።

ሀገር የሚያህል ርዕስ

የመጀመሪያው ርዕሴ «ዘመናዊነትና ኢትዮጵያዊነት በአዲስ አበባ አርክቴክቸር» የሚል ነበር። አድቫይዘሬ ወረቀቱን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ይሄ ርዕስ አይደለም፣ ሀገር ነው» አሉኝ። ተቀየምኩ። ሁለት ወር ሙሉ ዘመናዊነት ምን እንደሆነ ስጽፍ ከረምኩ። 30 ገጽ ሲሞላ መለስ ብዬ ሳነበው አንድም ሕንፃ በስሙ አልጠራሁም። አንድም!

ርዕስ ሲጠብ ጥናቱ የሚያንስ ይመስለናል። የአፍሪካ አዳራሽን ውሰዱ። ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ሕንፃ ነው። «የአፍሪካ አዳራሽና የአህጉሪቱ ማንነት» ካላችሁ አሁንም ሀገር ነው። ግን መግቢያው ላይ የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ሦስት ክፍል የመስታወት ሥዕል አለ። 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ሥዕሉን መጀመሪያ የሚያየው የቱ ጋ ሲደርስ ነው? ብርሃኑ በየትኛው ሰዓት ወለሉ ላይ ይወድቃል? ግድግዳው ለሥዕሉ ተሠራ ወይስ ሥዕሉ ለግድግዳው? ይሄ በእግር ተሄዶ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ በፕላን ተስሎ የሚመለስ ጥያቄ ነው። ስለ ማንነት የምትሉትም ነገር ካለ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ቆብ ገዝቶ ራስ መፈለግ

ሌላው በሽታችን ቲዎሪስቱን አስቀድሞ መርጦ ቤቱን ኋላ መፈለግ ነው። ስለ ሥልጣንና ስለ ቁጥጥር የጻፈ አንድ ፈረንሳዊ እናነባለን። ከዚያ ኮንዶሚኒየም ሄደን በየኮሪደሩ ቁጥጥር እናያለን። ፈላስፋው ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ኮንዶሚኒየሙን አላየነውም፤ ያየነው መጽሐፉን ነው።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላ የሚታይ ነገር ሞልቷል። ለምሳሌ ኮሚናሉ፣ የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት። ሲታቀድ ነዋሪው በግ እንዲያርድበት፣ ልብስ እንዲያጥብበት፣ እንጀራ እንዲጋግርበት ነበር። ዞር ዞር ብላችሁ እዩት፤ አንዳንዱ ሱቅ ሆኗል፣ አንዳንዱ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይታወቅም። የበዓል ዋዜማ ላይ ደግሞ በጉ የሚታረደው መኪና ማቆሚያው ጋ ነው። ለምን? ርቀቱ ነው? ውኃው? ወይስ ሰው በጉን የሚያርደው ጎረቤት እያየው እንዲሆን ስለሚፈልግ? መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ። የሚያግዛችሁ አሳቢ ካለ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ምናልባትም ከጠበቃችሁት ሌላ ሰው ይሆናል።

ይሄ የተማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዘመናዊው አርክቴክቸር ዝነኛ አርክቴክት ሌ ኮርቡዚዬ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ረግጧት ሳያውቅ ፕላን ሥሎላታል። ሰፊ ቀጥ ያለ መንገድ፣ በሥርዓት የተደረደሩ ሕንፃዎች፣ ነባሩ ከተማ ግን የለም። ታላቅ ሰው ነው፣ አልክድም። ሥዕሉ ላይ ግን ዳገቱም ወንዙም ቦታ አላገኙም።

ከአፍ የሰማነውን መጥቀስ

«ቅርጽ ተግባርን ይከተላል» የማይል ድራፍት ገጥሞኝ አያውቅም። አንዱ የሌ ኮርቡዚዬ ነው ይላል፣ ሌላው ለጀርመናዊው አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮሄ ይሰጠዋል። ያለው አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊ ሰሊቫን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ስለ ረጃጅም የቢሮ ሕንፃዎች በጻፈው ጽሑፍ። የባለቤቱ ስም መሳሳቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ፣ ጥቅሱን የሚጠቅሰው ልጅ ቀጥሎ «ስለዚህ ጌጥ አያስፈልግም» ብሎ መደምደሙ ነው። ሰሊቫን ራሱ በዚያው ዘመን ቡፋሎ ላይ የሠራው የጋራንቲ ሕንፃ ፊቱ ሙሉ በሸክላ ጌጥ የተሸፈነ ነው። ጽሑፉን ከሕንፃው ጋር አጎራብታችሁ ካነበባችሁት ሰውየው ሌላ ነገር እያለ እንደሆነ ይገባችኋል።

አባባሉን ወደ አክሱም ይዛችሁት ሂዱ። ትልልቆቹ ሐውልቶች የተቀረጹት ፎቅ ቤት መስለው ነው። መስኮት አላቸው። ከሥር በር አላቸው፣ በሩ ላይ መቀርቀሪያው ሳይቀር ተቀርጿል። በየፎቁ ደግሞ «የጦጣ ራስ» የምንላቸው ክብ የእንጨት ጫፎች ተደርድረዋል። እንደ ደብረ ዳሞ ባለ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የጦጣ ራስ ሥራ አለው፤ እንጨቱን ከድንጋዩ ጋር አያይዞ ይይዛል። ሐውልቱ ላይ ግን ሁሉም አንድ ድንጋይ ነው። የሚያያዝ ነገር የለም። ታዲያ ምን ይሠራል? ከሮም ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ዳግም የቆመው 24 ሜትር ሐውልት ሥር ቆማችሁ ይሄን ጥያቄ ከጠየቃችሁ ከአንድ ሴሚስተር ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጽሑፎች ዳሰሳ) የበለጠ ታተርፋላችሁ።

በነገራችን ላይ ቻትጂፒቲ የሚደረድርላችሁን የመጻሕፍት ዝርዝር አንድ በአንድ ፈልጉ። የሌለ መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ሊሰጣችሁ ይችላል። ዲፌንስ ላይ፣ ጥናታችሁን ፈታኞች ፊት ስታቀርቡ፣ አንዱ ፈታኝ «እስቲ መጽሐፉን አሳየኝ» ካላችሁ አለቀ።

ስምንት ደምሮ መገላገል

የኢትዮጵያን ዓመት ወደ ፈረንጅ ለመቀየር ስምንት የሚደምር አለ፣ ሰባት የሚደምር አለ። ሁለቱም ግማሽ ልክ ናቸው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። 1967 ዓ.ም.ን እዩት። ንጉሡ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 1967 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1974። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የወጣው ሐምሌ 1967 ነው፤ እ.ኤ.አ. 1975። አንድ ዓመት ውስጥ ናቸው፣ በፈረንጅ ግን ሁለት። ስለ ቀበሌ ቤት የሚጽፍ ተማሪ እዚህ ላይ ከተሳሳተ ቤት የተወረሰው ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ሊሆንበት ይችላል። ሰነዱ ላይ ያለውን ቀን እንዳለ ጻፉ፣ አቆጣጠሩን ጥቀሱ፣ ወሩን አትጣሉ።

«አዎ» የሚያሰኝ ጥያቄ

አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ቃለ መጠይቅ ስናደርግ እኔ ጀመርኩ።

«እማማ፣ ይሄ ግቢ ለማኅበራዊ ሕይወታችሁ ትልቅ አስተዋጽኦ አለው አይደል?»

«አዎ ልጄ፣ አለው።»

«ድሮ ይበልጥ ነበር?»

«ምን ጥርጥር አለው።»

ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ። ጓደኛዬ ጣልቃ ገባች። «እማማ፣ ትናንት ቡና የት ነው የተጠጣው?»

«እዚሁ ደጃፉ ላይ ነዋ። ውስጥማ ጭሱ መች ያስቀምጣል። ደግሞ ያቺ ጎረቤቴ ልጇ ታሞባት፣ ከዚህ በሯ ይታያል፣ ብትጣራ እንሰማለን ብለን ነው።»

ሜትር አውጥተን ለካን። ከረከቦቱ እስከ ጎረቤቲቱ በር ስድስት ሜትር ተኩል። እኔ ያመጣሁት «አስተዋጽኦ» የሚል ቃል ነበር፣ ጓደኛዬ ያመጣችው አንድ ርቀትና ምክንያቱን።

የራሳችንን ቃል መናቅ

ድራፍት ላይ «ትራንዚሽናል ስፔስ» (የውስጥና የውጭ መሸጋገሪያ ቦታ) ሲደጋገም አያለሁ። ደጅ የሚባል ቃል እያለን። ደጅ ከበር ውጭ ያለ ቦታ ብቻ አይደለም። ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል። ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አላት። እንግዳ ከደጅ አይመለስም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እየተጠጋ የሚሄድ ነው፤ ማን የቱ ድረስ እንደሚገባም የታወቀ ነው። እልፍኝ፣ ጓዳ፣ ማጀት የሚሉትም እንዲሁ። ቃላቱ ውስጥ ማን ይገባል፣ ማን ይቀራል፣ ማን ይጠብቃል የሚል ሐሳብ አለ። ጥናታችሁን በእንግሊዝኛ ብትጽፉት እንኳ «ደጅ» የሚለውን እንዳለ ተዉትና አብራሩት። የውጭውን ቃል ጣሉት አላልኩም። አጠገቡ አስቀምጡትና የሚጎድለውን እዩ።

ያለ ደብዳቤ ካሜራ ማውጣት

አጭር ናት። የትብብር ደብዳቤ ከዲፓርትመንት ቀድማችሁ አጽፉ፣ ማኅተሙ በደንብ ይታይ፣ ብዙ ኮፒ ያዙ። ጥበቃውን መጀመሪያ ሰላም በሉት። ሕንፃውን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል፤ የትኛው በር ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደተዘጋ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«ነገ እለካዋለሁ»

ይሄኛው የራሴ ነው። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ፣ የእንጨት ደረጃና ሰገነት ያለው አንድ አሮጌ ቤት ይዤ ነበር። ጥያቄዬ ስለ ደረጃው ነበር፤ ከቤት ውስጥ ሳይሆን ከግቢው መውጣቱ የጎረቤትን ግንኙነት ምን ያደርገዋል የሚል። ሄድኩ፣ ሥዕል ነደፍኩ፣ እርከኖቹን ቆጠርኩ። ሜትሩን ረስቼው ስለነበር ቁመቱን በሌላ ቀን እለካዋለሁ ብዬ ወደ ንባቤ ተመለስኩ። ንባቡ ጣፈጠኝ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰፈሩ ፈረሰ።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሁንም እንዲህ ይላል፦ «እርከን 14። የአንዱ ቁመት ___ ሳ.ሜ.»