«ሴክሹዋሊ አክቲቭ» ስድብ አይደለም

«ሐኪም ቤት ስለ ወሲብ ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ልመልስ?» የሚለውን ጥያቄ በስልክ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት አገር የመጣ ሰው የሐኪም ቀጠሮ መያዙን በሳምንት ይለምደዋል። ስለ ወሲብ ሲጠየቅ ግን ኮሌጅ በእንግሊዝኛ የተማረውም ምላሱ ይተሳሰራል። በአማርኛም ቢሆን ነገሩን በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ «ተገናኘን» ብለን እናልፈዋለን። «ዊ ሜት» ተብሎ ቃል በቃል ሲተረጎም ሐኪሙ የሚገባው ሻይ ቤት መቀጣጠራችሁ ነው። «ዊ ሃድ ሴክስ» በሉ። ክሊኒክ ውስጥ ይህ ነውር አይደለም። «ኢንተርኮርስ» የሚለው ቃልም አለ፣ እሱ ግን በአብዛኛው በብልት የሚፈጸመውን ብቻ ያመለክታል።

ዋናው ወጥመድ «አር ዩ ሴክሹዋሊ አክቲቭ?» የሚለው ነው፤ እኔንም ጥሎኛል። ባለትዳር ሴቶች «አክቲቭ» ሲባል ሴሰኛ የተባሉ ይመስላቸውና ተቆጥተው «ኖ!» ይላሉ። ወንዶች ደግሞ ጉልበታቸው የተጠየቀ መስሏቸው «ቬሪ!» ይላሉ። የተጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ በቅርቡ፣ ማለትም ባለፉት ጥቂት ወራት ወይም ባለፈው አንድ ዓመት፣ ከማንም ጋር ይሁን በምንም መንገድ ወሲብ ፈጽማችኋል ወይ ነው። ከባሏ ጋር በወር አንዴ የምትተኛ ሴት መልሷ «የስ፣ ዊዝ ማይ ሀዝባንድ» ነው። ባሏ አገር ቤት ቀርቶ ዓመት ካለፋት «ኖት ከረንትሊ» ትበል። በንዴት የተባለችው «ኖ» መዝገብ ላይ ትገባለች። በኋላ ታችኛው ሆዷን አሟት ብትመጣ ሐኪሙ እርግዝናን ከጥርጣሬው ወደ ኋላ ሊያደርገው ይችላል። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ደግሞ የማህፀን ቱቦውን ካፈነዳ ደም እያፈሰሰ ሊገድል ይችላል። የአባላዘር ምርመራውም በዚያችው ቃል ሊዘለል ይችላል። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ጥያቄውን በቀላል ቋንቋ ቢያቀርቡት ምን ነበረበት?

ቀጥሎ የሚመጣው «ፓርትነር» ነው። የንግድ ሸሪክ ማለት አይደለም፤ ባልም፣ ሚስትም፣ ጓደኛም ሊሆን ይችላል። «ባለፉት 12 ወራት ስንት ፓርትነር?» ሲባል ባል ወይም ሚስት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። «ከወንድ፣ ከሴት ወይስ ከሁለቱም?» የሚለው ሁሉም ሰው የሚጠየቀው ነው፤ አትቆጡ። «ኦራል» በአፍ፣ «ቬጂናል» በሴት ብልት፣ «ኤናል» በፊንጢጣ ነው። ይህን የሚጠይቁት ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ለመወሰን ነው። ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጨብጥ በሽንት ምርመራ አይታይም። በጥጥ እንጨት ከጉሮሮ መወሰድ አለበት፤ እሱን «ስዋብ» ይሉታል።

«ፕሮቴክሽን» እና «ኮንትራሴፕሽን» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሲጠየቅ የሚፈለገው ኮንዶም ነው፣ ሁለተኛው የእርግዝና መከላከያ ነው። እንክብል የምትወስድ ሴት «ፕሮቴክሽን አለኝ» ካለች ከበሽታም የተጠበቀች ተደርጎ ይያዝላታል። ሉፕ «አይ ዩ ዲ» ነው፣ ብሪታንያ ውስጥ «ኮይል» ይሉታል፤ ክንድ ላይ የሚቀበረው «ኢምፕላንት» ነው። «ፖስት ፒል» ብትሉ ፋርማሲስቱ ላይገባው ይችላል፤ «ኢመርጀንሲ ኮንትራሴፕሽን» በሉ። ሊቮኖርጀስትረል ያለበት እንክብል ከግንኙነቱ በኋላ እስከ 72 ሰዓት፣ ዩሊፕሪስታል ያለበት እስከ 120 ሰዓት ይወሰዳል፤ በቶሎ የተወሰደው የተሻለ ነው። ለኤችአይቪ ተጋልጬ ይሆናል ያለ ሰው የሚጠይቀው «ፔፕ» የተባለውን ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ነው፣ እሱም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ፕረፕ» ከመጋለጥ በፊት የሚወሰደው ነው። ሰዓት እየሮጠ ሁለቱን አታምታቱ።

የአካል ስሞች ላይ ደግሞ ጥፋቱ የኛው ነው። ከወገብ በታች ያለውን ሁሉ «ማህፀን» እንላለን። «ማይ ዩተረስ ኢዝ ኢቺንግ» ያለች ሴት ሐኪሙን ግራ ታጋባዋለች፤ ማህፀን አያሳክክም። የውጩ «ቨልቫ»፣ የውስጡ መተላለፊያ «ቨጃይና» ነው። የወንዱ ፍሬ «ቴስቲክል» ነው እንጂ «ፍሩት» አይደለም። ስንፈተ ወሲብ ያለበት ወንድ «አይ አም ዊክ» ካለ ለደም ማነስ ምርመራ ይላካል፤ «ኢሬክታይል ዲስፋንክሽን» ወይም በቀላሉ «አይ ካንት ኪፕ አን ኢሬክሽን» ይበል። «ኢንፈርታይል» መካን ማለት ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። በግንኙነት ጊዜ ሕመም ካለ «ፔይን ዲዩሪንግ ሴክስ» ይበቃል። «ዲስቻርጅ» ከብልት የሚወጣ ፈሳሽም ነው፣ ከሆስፒታል መሰናበትም ነው፤ ከዓረፍተ ነገሩ ለዩት።

«ላስት ፒሪየድ» ሲባል የሚፈለገው የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ነው፤ ያበቃበት አይደለም። በፈረንጅ ቀን ቀይሩት። ጥር 10 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 18 ነው፤ «ጃንዋሪ 10» ብላችሁ ብታስመዘግቡ የእርግዝናው ዕድሜ ከሳምንት በላይ ይሳሳታል።

«ደፈረኝ» ለሚለው ቃል ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማርኛ «ናቀኝ» ማለትም ስለሆነ ያልተጠነቀቀ አስተርጓሚ «አላከበረኝም» ብሎ ያልፈዋል። ለፖሊስም ለሐኪምም «ሂ ፎርስድ ሚ ቱ ሃቭ ሴክስ» በሉ። ባልም ቢሆን አባባሉ ያው ነው።

ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ፤ የ10 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ፈሳሽ መተርጎም የለበትም። ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፊሜል፣ ባይ ፎን» ብላችሁ ጠይቁ። አበሻው እርስ በርስ በሚተዋወቅበት ከተማ በስልክ የሚተረጉም ሰው ይሻላል፤ ለእሱ ስማችሁን የመንገር ግዴታ የለባችሁም።