ፈረንጅ እንግዳን በባሕር ዳር ሳይክል እንዴት እናለማምድ?

ባሕር ዳር ላይ ሳይክል መንዳት ለእኛ ትምህርት የሚያስፈልገው ነገር አይመስለንም። ከተማው ሜዳ ነው፤ በልጅነታችን የጎረቤት ልጅ ለምነን "አንድ ዙር ብቻ" እያልን ነው የለመድነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ባልደረባ ወይም እዚያው ተወልዶ ያደገ ዘመድ "እኔም ልንዳ" ሲል ሳይክሉን ሰጥተን "መንገዱ ያውልህ" እንላለን። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሰውየው በአገሩ ለዓመታት የነዳ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ግን አንድ ባጃጅ ኋላ ላይ ተለጠፈ። ደግነቱ ከጉልበት መላጥ አላለፈም። ውስጥ ያለችው ተሳፋሪ "ወራጅ!" ብላ ነበር። ቃሉን ሰምቶታል፤ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይንገረው?

ከዚያ ወዲህ ማንንም ሳለማምድ የምጀምረው ከዚህች ቃል ነው። "ሰላም" እና "አመሰግናለሁ" ይቆዩ። ባጃጅ ክፍት ስለሆነ ውስጥ የሚባለው ውጭ ይሰማል፤ "ወራጅ" ከተባለ ፍሬቻ በራም አልበራም ባጃጁ ወደ ቀኝ ጥጉን ይይዛል። ስለዚህ እንግዳችሁ በባጃጅና በመንገዱ ጠርዝ መካከል በቀኝ በኩል ሾልኮ ለማለፍ ፈጽሞ እንዳይሞክር፣ ከኋላም ሲከተል ፍሬን ለመያዝ የሚበቃ ርቀት እንዲተው ንገሩት። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የእግረኛውን እጅ ማየት ነው። ጥግ ላይ የቆመ ሰው እጁን ካነሳ ከኋላም ከፊትም የሚመጣው ባጃጅ ለእሱ ሊቆም ነው። ይህን የለመደ ሰው ግማሹን መንገድ ለመደ ማለት ነው።

ክላክስንም አስረዱት። በብዙ አገር ክላክስ ቁጣ ነው፤ እኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ "ከኋላህ አለሁ" ማለት ነው። ያልተነገረው እንግዳ የተሰደበ መስሎት ዞሮ ያያል፤ ዞሮ ሲያይ ደግሞ መሪው አብሮ ይዞራል። መልሱ ዞሮ ማየት ሳይሆን መስመርን ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው።

ቀጥሎ ሳይክሉ። የምትከራዩ ከሆነ መያዣ ይጠየቃል፤ የእናንተን መታወቂያ ስጡ እንጂ ፓስፖርቱን አታስይዙ። የኋላውን ጎማ አንስታችሁ አሽከርክሩና ፍሬኑን ያዙት፤ ወዲያው ካልቆመ ሌላ ይምረጥ። የትኛው እጅ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝም ይሞክር። እንግሊዝ አገር የፊቱ ፍሬን በቀኝ እጅ ነው፣ አብዛኛው አውሮፓና አሜሪካ በግራ፤ በድንጋጤ የፊቱን ብቻ አጥብቆ የያዘ ሰው በመሪው ላይ ይገለበጣል። ረጅም ከሆነ ኮርቻውን ከፍ አድርጉለት፦ ተረከዙ ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግሩ ከተዘረጋ ልኩ ነው።

ከእንግሊዝ፣ ከኬንያ ወይም ከሕንድ የመጣ እንግዳ በግራ መንዳት የለመደ ነው። የሚሳሳተው ግርግር ውስጥ አይደለም፤ እዚያ ሌላውን ተከትሎ ይሄዳል። ጭር ባለ መንገድ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወይም ቡና ጠጥቶ እንደገና ሲነሳ ነው እጁ ወደ ለመደበት የሚሄደው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እናንተ ከፊት ንዱ።

ለመጀመሪያው ቀን ማለዳ ውጡ። "ጠዋት 1 ሰዓት" ስትሉ ግን በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስረዱት፤ አለበለዚያ እናንተ ማለዳ ስትጠብቁት እሱ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ከጊዮርጊስ ተነስታችሁ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ወደ ዓባይ ሂዱ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ የሳይክል መስመርም ስላለው ለጀማሪ ልብ ይሰጣል። የጉልበት ፈተና የሚፈልግ ከሆነ ከወንዙ ማዶ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ቤዛዊት ኮረብታ አለለት። ወደ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ኮብልስቶኑ ያንገጫግጫል፤ በተለይ ክረምት ላይ ያንሸራትታልና ቀስ ይበል።

ሜዳነቱ ያታልላል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነ ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ያለከልካል። ነፋሻ ስለሆነ ሙቀቱ አይሰማም እንጂ ፀሐዩ ይለበልባል፤ ጎጂው ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ከጣና ወደ ከተማው ስለሚነፍስ ወደ ሐይቁ የሚነዳ ሰው ፊት ለፊት ይገጥመዋል።

ቀብር ወይም ታቦት ሲመጣ ወርዶ ጥግ ይቁም። ጥር 11 ቀንማ ሳይክሉን ቤት ትቶ በእግሩ ቢወጣ ይሻለዋል። ልጆች "ፈረንጅ!" እያሉ ሲሮጡበት ፍጥነት መጨመር አያዋጣም፤ ውድድር ይመስላቸዋል። ዝግ ብሎ "እንደምን ናችሁ?" ቢላቸው ይስቁና ይተዉታል። ቢወድቅ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከበው ሰው "እኔን!" ሲል እንዳይደነግጥ። የእኔው እንግዳ "ለምንድን ነው ሁሉም 'እኔ፣ እኔ' የሚለው?" ብሎ ጠየቀኝ። "በአንተ ፈንታ እኔ በወደቅሁ" ማለታቸው ነው ስለው ጉልበቱን እያሻሸ ትንሽ ዝም አለ።

ጎማ ቢተነፍስ ጎሚስታ ሩቅ አይደለም፤ ሳይክሉን እየገፋ ቢጠይቅ የሚያሳየው አያጣም። ከከተማ ለመውጣት፣ ለምሳሌ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ጢስ ዓባይ ለመሄድ ሲያስብ ግን የዕለቱን የጸጥታ ሁኔታ ሳትጠይቁ አትልቀቁት። ማታም ከ12 ሰዓት በፊት ይግባ፤ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ ሲመሽ ጉማሬ ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣል።