ብርዱ ሳይገባ የድራይቭዌይ (ከመንገድ ወደ ቤት የሚያስገባ የመኪና መተላለፊያ) ስንጥቅ አሞላል

በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ውስጥ አስፋልትን የሚሰነጥቀው የመኪና ክብደት ብቻ አይደለም። ጠጠሩን ያጣበቀው ሬንጅ በሙቀት ለስላሳ ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ግን እንደ ብርጭቆ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። አስፋልቱ በብርድ ልኮማተር ሲል ከሥሩ ያለው ጠጠር አላንቀሳቅስ ይለዋል፤ ውጥረቱ ሲበዛ ከላይ ጀምሮ አግድም ይሰነጠቃል። ሬንጅ ባረጀ ቁጥር ደግሞ ይብስበታል።

ከስንጥቁ ይልቅ የሚያስፈራው የሚገባበት ውኃ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በረጋና በቀለጠ ቁጥር ጠርዙን ይፈረፍራል። በመጋቢት ላዩ ሲቀልጥ ታችኛው አፈር ገና በረዶ ስለሆነ ውኃው መውረጃ ያጣል፤ የራሰው ጠጠር መኪና ሲያልፍበት ይሰምጥና ጉድጓድ ይሆናል።

የሚሞላው በመስከረም ነው። በሐምሌ ስንጥቁ ስለሚጠብ ያኔ የገባው መሙያ በጥር ሲሰፋ ይቀደዳል። አስፋልቱ ከ10 ዲግሪ በላይ የሞቀበትን፣ ዝናብ የሌለበትን ቀን ምረጡ።

ከ6 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ለሚሰፋ ስንጥቅ ሳይሞቅ የሚፈስ የጎማነት ያለው መሙያ ይበቃል። ሣሩን ከነሥሩ ንቀሉ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጉ፣ አቧራውን በአየር ንፉ። በውኃ ካጠባችሁት 24 ሰዓት ይድረቅ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መሙያው ከአቧራ ጋር ተጣብቆ ከአስፋልቱ ይላቀቃል። ጥልቅ ከሆነ ከስንጥቁ ስፋት በሩብ የሚወፍር የስፖንጅ ገመድ ጠቅጥቁና ከላይ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ተዉ። መሙያው ሲደርቅ ስለሚሰረጉድ በማግስቱ ድገሙት። ከአስፋልቱ ገጽ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ከፍ ካለ የበረዶ አካፋ ይገነጥለዋል። በደንብ ሳይደርቅ መኪና አይለፍበት።

ሲሚንቶ በፍጹም አትጠቀሙ፤ አይለጠጥምና በመጀመሪያው ብርድ ይላቀቃል። ላዩን የሚቀባው ጥቁር ቀለምም ስንጥቅ አይሞላም። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሰፋ ቀዝቃዛ የአስፋልት ድብልቅ በ5 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየደለደላችሁ ጠቅጥቁ።

እንደ አዞ ቆዳ የተሰነጣጠቀ ቦታ ላይ ግን መሙያ አታባክኑ። ከሥሩ ያለው ጠጠር ስለተዳከመ አስፋልቱ ተቆርጦ ይነሣ፣ ጠጠሩ እንደገና ይጠቅጠቅ፤ የጣሪያው ፍሳሽ ወደዚያ የሚወርድ ከሆነም መጀመሪያ አቅጣጫውን አስለውጡ።