ሉፐስ ያለበት ሰው ሲያተኩሰው ምን ማድረግ ይገባል?

እኅቴ ኮዬ ፈጬ ካለው ቤታችን አንድ ማታ ሲያተኩሳት «ሉፐሱ ተነሣብኝ» ብላ ሐኪም ሳታማክር ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒቷን ጨመረች። ሁለት ቀን ተኝታ በሦስተኛው ሆስፒታል ስንደርስ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ይህንን የምጽፈው እነዚያ ሁለት ቀናት በሌላ ቤት እንዳይባክኑ ነው።

በሉፐስ ሕመም የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ያጠቃል፤ ጀርም ሲመጣ ግን በሚገባ ላይከላከል ይችላል። በዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን፣ አዛታዮፕሪን፣ ማይኮፌኖሌት ወይም ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ የሉፐስ መድኃኒት ሲታከል አቅሙ ይበልጥ ይዳከማል። የፕሬድኒሶሎን መጠን በጨመረ ቁጥር አደጋውም ስለሚጨምር፣ ሐኪሞች በሽታው ሲረጋጋ በቀን ወደ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ሊያወርዱት ይጥራሉ። ሌላው የሉፐስ መድኃኒት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን መከላከያን ከሚያዳክሙት ወገን ስላልሆነ፣ ኢንፌክሽን ፈርተው እሱን አያቋርጡ።

ቴርሞሜትር ከራስጌዎ አይጥፋ። በብብትዎ ይዘው እስኪጮህ ይጠብቁ፤ ብብት ከትክክለኛው ሙቀት ትንሽ ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይም ያስታውሱ። 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሆኖ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ሽንት ሲሸኑ ካቃጠለዎትም እንዲሁ ያድርጉ። ፕሬድኒሶሎኑን በራስዎ ፈቃድ አይጨምሩ፤ ለረዥም ጊዜ የወሰዱት ከሆነ ደግሞ በድንገት ማቆም ለሕይወት ያሰጋል።

ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው ግማሹ ሥራ መንገዱ ነው። ታክሲ በማይገኝበት ሰዓት የሚያደርስዎትን ባለመኪና ጎረቤት አስቀድመው ያነጋግሩ። እኛ አሁን አንዲት ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለን ከሕክምና ካርዷ ጋር አኑረናል፤ የሕመሙ ስም፣ የየመድኃኒቱ መጠንና የሚከታተላት ሐኪም ስልክ በትልልቅ ፊደል ተጽፎባታል። ተረኛው ባለሙያ የማያውቅዎት ሊሆን ስለሚችል፣ ኮትሪሞክሳዞልና መሰል የሰልፋ መድኃኒቶች ሉፐስን ሊቀሰቅሱ እንደሚችሉም ይጻፉበት። ሲአርፒ (CRP) የሚባለው፣ በሰውነት ውስጥ ያለ መቆጣትን የሚያሳይ የደም ምርመራ ኢንፌክሽንን ከሉፐስ መነሣት ለመለየት ሊያግዝ ስለሚችል መኖሩን ይጠይቁ።

በየዕለቱ ኑሮ እኔ በጣም የምፈራው ሰዎች ከቁም ነገር የማይቆጥሩትን ነው። ከጎረቤት ላም የታለበ ወተት ሳይፈላ አይጠጣ፤ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ በበዓልም ቢሆን ይቅር። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉን መክደንና የሚጠጣውን ማፍላት ያስፈልጋል። በባዶ እግር ጓሮ መግባትም ተራ ነገር አይደለም፤ ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ከአፈር በእግር ቆዳ ገብቶ ለዓመታት ተደብቆ ከኖረ በኋላ፣ ከፍተኛ ፕሬድኒሶሎን ሲጀመር ተባዝቶ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከመጀመሩ ወይም ከመጨመሩ በፊት ስለዚህ ትልና ስለ ቲቢ ምርመራ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

የኢንፍሉዌንዛና የኒሞኮከስ (የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባቶች ሕያው ጀርም ስለሌለባቸው ይመከራሉ፤ እንደ ቢጫ ወባና ኩፍኝ ያሉት ሕያው ክትባቶች ግን መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ውሳኔ አይሰጡም።

በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥልና ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ካዩ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። የፀረ ቫይረስ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ስለሆነ፣ ቅጠል ሳይቀቡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።